ያልተከፈተው ካምቢዮ

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ሞተር ሳይክሉ ዛሬ ከፖሊስ ግቢ ወጥቶ ጋራዤ ደረሰ። በፒክአፕ ጭነው ያመጡት ሁለት ሰዎች በጎኑ አጋድመውት ሊሄዱ ሲሉ "ምን ነካችሁ፣ አቁሙት እንጂ! ሞተር እንዲህ ይጣላል?" ብዬ ጮህኩባቸው። ደንግጠው አቆሙት። በኋላ ሳስበው የሚያስጮህ ነገር አልነበረም።

መሪው ተጣሟል። የፊት መብራቱ የለም። የቤንዚን መያዣው በግራ በኩል ወደ ውስጥ ገብቷል። ዘይቱ አንድ ጠብታ አልቀረም። ቦይ ውስጥ ወድቆ ማንም ሳያጠፋው ሲሠራ ቆይቶ ነው ውስጡ ደርቆ የነከሰው፤ ማስነሻውን ብረግጠው ቀጥ አለ። ማርሹን አልነካሁትም። ሞተሩ ሳይዞር ማርሽ መነካካት ትርጉም የለውም።

ይህ ደብተር የሥራ መዝገቤ ነው። ከፊት በኩል የሰው ፍሬን፣ የሰው ካቴና፣ የሰው ጎማ ተጽፎበታል። የወንድሜን ከኋላ በኩል ገልብጬ ልጽፈው አሰብኩ፤ ከሌላው ሥራ ጋር እንዲቀላቀል አልፈለግኩም።

ከሞተ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ። በአሥራ አንድ ዓመት እበልጠዋለሁ። አባታችን ሲሞት እሱ ገና ፊደል አልቆጠረም ነበርና ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል።

ሰኔ 3

የወንድሜ ሚስት ከሥራ መልስ ጎራ አለች። ቆጣሪ አንባቢ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከበር በር በእግሯ ትዞራለች፣ ጫማዋ አንድ ወር አይቆይም። ሞተሩን ከሩቅ አየችው እንጂ አልተጠጋችም።

"ጋሼ፣ ይነሳል?"

"የማይነሳ ሞተር አለ እንዴ?" አልኳት።

"ልጄ አሁንም አባቷን እየጠበቀች በር ላይ ናት። ሞተር ባለፈ ቁጥር ትሮጣለች፣ ድምፁን ስትሰማ የእሱ አይደለም ብላ ትመለሳለች። ለሥራ ርቆ ሄዷል ብያታለሁ። አስነሳልኝና ድምፁን ትስማው፣ ከላዩ ላይ እኔን ትየኝ። ያኔ እነግራታለሁ። እንዲሁ በባዶው ግን አፌ እሺ አላለኝም።"

"ነድተሽ ታውቂያለሽ?"

"ታስተምረኛለህ" አለችና እንባዋን ዋጥ አድርጋ ሄደች።

አስተምራታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሞተሩ እንደ አዲስ መሠራት አለበት።

ሰኔ 5

ከላይ ጀመርኩ። የሲሊንደሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አወረድኩ። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቋል። ናፍታ አፍስሼበት ይደር ብዬ ተውኩት።

እናቴ ምሳ ይዛልኝ መጣችና ከሳጥኑ ላይ ቁጭ ብላ ስለ ሹፌሩ አወራች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታወራው ስለ እሱ ብቻ ነው። አሸዋ የጫነ መኪና ነበር የሚነዳው፣ ወንድሜን ዳገቱ ሥር ከኋላ ገጨው። እስካሁን እስር ቤት ነው። "ሞተሩ ፊቴ ላይ ድንገት ጉልበት አጥቶ ዘገየ፣ ፍሬን ብይዝም ጭነቱ ገፋኝ" ይላል አሉ።

"ገዳይ ሌላ ምን ሊል ኖሯል!" አለች እናቴ። "አንተ ቃልህን ባትሰጥ ኖሮ ይሄኔ በነጻ ወጥቶ ነበር። እግዜር ይስጥህ ልጄ።"

ቃሌን የሰጠሁት በቀብሩ ማግስት ነው። መርማሪው ደጃፋችን ድረስ መጥቶ "ሞተሩ ችግር ነበረበት?" አለኝ። "ምንም። ከሳምንት በፊት በእነዚህ እጆቼ ነው የሠራሁት" አልኩትና ፈረምኩ። እሱም ፍሬኑን አይቶ፣ ጎማውን አይቶ፣ ሞተሩን ሳይከፍት መዝገቡን ዘጋ። ባለሙያው እኔ ነኛ።

ሰኔ 6

ፒስተኑ ወጣ። ተቧጭሯል። ፒስተኑን የሚከቡት ፋሻዎች ተሰባብረዋል። እጄን ቆረጠኝ፣ ቀላል ነው።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ጎረቤቴ በያጁ ዛሬ እኔ ዘንድ ዋለ። "ሬዲዮ" ነው የምንለው፤ ከተከፈተ አይዘጋም። የሚበየድ ነገር ሲያጣ እኔን ሊያደክም ይመጣል።

"አለቃ፣ ይሄ ቡሎን ላይ ያለው ቀይ ነጥብ ምንድን ነው? ሞተሩን ኩፍኝ ይዞታል?"

ሳልወድ አሳቀኝ። አስረዳሁት። ሙያውን ያስተማረኝ ሽማግሌ ያወረሰኝ ሕግ ነው፤ አንድ ቡሎን በመለኪያ ቁልፍ እስከ ልኩ ከጠበቀ በኋላ አናቱ ላይ ቀይ ቀለም ጠብ ይደረግበታል። ቀለም የሌለው ቡሎን ገና ነው፣ ቀለም ያለው አልቋል። ሰው ቢጠራህ፣ ምሳ ብትወጣ፣ ስትመለስ የት እንደደረስክ ዓይንህ ይነግርሃል። ዘይት የማያጥበው የጥፍር ቀለም ብቻ ስለሆነ የወንድሜ ሚስት ያለቀባትን ጠርሙስ ትሰጠኛለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። አንድም ሞተር ተመልሶብኝ አያውቅም።

"ተመልሶ አያውቅም ወይስ የሚመልሰው ሰው ይፈራሃል?" አለ ሬዲዮ። "ያን ፍሬኑ ጮኸብኝ ያለህን ሰውዬ በቁልፍ አይደል ያባረርከው?"

የወረወርኩት ወደ ግድግዳው ነው እንጂ ወደ ሰውዬው አይደለም። ደግሞም ፍሬኑን ያበላሸው ራሱ ነበር።

የቴስታታውን ቡሎኖች አንድ በአንድ አየሁ። ምልክቶቼ ሁሉ በቦታቸው አሉ። ደስ አለኝ።

ሰኔ 17

ሻይ ቤት ከኋላዬ ሁለት ሹፌሮች ያወሩ ነበር። ማን እንደሆንኩ አላወቁም። "ሠላሳ ዓመት ነድቶ አንድ ዶሮ ያልገጨ ሰው፣ በእርጅናው ጉድ ሆነ" አለ አንዱ። ሌላው "ከገጨ በኋላ እንኳ አልሸሸም እኮ። ወርዶ ልጁን አቅፎ ነው ፖሊስ የደረሰበት" አለ።

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

አለመሸሹ ምንም አያረጋግጥም። ማንም ሊል የሚችለውን ነው የሚሉት።

ሰኔ 21

ሲሊንደሩን ለቶርኖ ባለሙያው ሰጥቼ አስፍቶ መለሰልኝ። አዲስ ፒስተን፣ አዲስ ፋሻ ገዛሁ። ባለሙያው ደግሞ ሳይጠየቅ "ያለ ዘይት ከሠራ የቢኤላው ኩሽኔታም ተጎድቶ ይሆናል። ታችኛውን ክፍል ክፈተው" አለኝ።

"ታች ምንም የለም" አልኩት።

"ሳትከፍት በምን አወቅክ?"

ሰው ሁሉ መካኒክ ሆኗል። ፒስተኑን የሚገፋውን ዘንግ፣ ቢኤላውን፣ በእጄ ይዤ ወዘወዝኩት፤ ትንሽ ይጫወታል፣ ግን ብዙ አይደለም። ታችኛውን ለመክፈት ፍሪሲዮኑን ማውለቅ፣ ከኋላው ያለውን የማርሽ መቀየሪያ መፍታት፣ የማርሹን ሳጥን፣ ካምቢዮውን፣ ሁለት ላይ መክፈል ነው። ያንን ደግሞ በግንቦት ሠርቼዋለሁ። ሦስተኛ ማርሽ እየዘለለ አስቸግሮት ስለነበር መቀየሪያውን በሙሉ ፈትቼ አድሼለት ነበር። የተሠራ ነገር ለምን ይነካል?

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

መጥሪያ መጣ። ነሐሴ 6 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ቀርቤ ስለ ሞተሩ እንድመሰክር። "በባለሙያነትዎ" ይላል። እናቴ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝና አጣጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

ሰኔ 29፣ እሑድ

እንደሚከተለው ነው የሆነው፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ።

ከእናቴ ጋር የወንድሜ ቤት ሄድን። እናቷ ወጥ ስትሠራ ልጅቷ እኔ ላይ ተንጠለጠለች። አምስት ዓመቷ ነው፤ ግንባሯ የእሱ ነው። "አባባ፣ የአባዬን ሞተር ሠራኸው?" አለችኝ። እየሠራሁት ነው አልኳት።

"እኔ ድምፁን እችላለሁ። ልበልልህ?" አለችና በርጩማው ላይ እንደ ፈረስ ተቀመጠች። እጇን ዘርግታ መሪ ያዘች። "ዱዱዱዱ… ቀጭ… ዱዱዱዱ… ቀጭ… ዱዱ—" ካለች በኋላ ድንገት ቀጭን ድምፅ አውጥታ "ኢኢኢኢኢ!" ብላ ጮኸች፣ በእግሯ መሬቱን ረገጠች፣ ደግማ ረገጠች፣ ከዚያ "ቀጭ! ዱዱዱዱ" ብላ ቀጠለች።

ሁሉም ሳቀ። እናቴ እንኳ ሳቀች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

"ይሄ ኢኢኢ ያልሽው ምንድን ነው?" አልኳት።

"አንተ ከሠራህለት በኋላ እንደዚያ ይላል። አባዬም እንዲህ እንዲህ ያደርገዋል" አለችና በእግሯ መታ መታ አሳየችኝ።

ማርሽ ሲያመልጥና ሞተር በባዶው ሲጮህ እንደዚያ ነው የሚለው። ግን አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። አምስት ዓመት ሞልቷታል፣ እሺ። ልጅ የሰማውን ከሌላ ሞተር ጋር ያቀላቅላል። ከእሑድ እስከ እሑድ ስንት ሞተር ነው በዚያ በር የሚያልፈው?

ሐምሌ 3

አልሠራሁም። ራሴን አሞኛል።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት፣ ሰኞ፣ ወንድሜ ጋራዥ መጥቶ ነበር። ሞተሩን ከበር ውጭ አቁሞ ገባ። ውኃ ጠጣ። እኔ በአንድ ካርቡራተር ተናድጄ እየተሳደብኩ ነበር። "ምን ፈልገህ ነው?" አልኩት። ቆም ብሎ አየኝና "ምንም፣ እንዲሁ ልይህ ብዬ ነው" አለ። ትከሻዬን መታ አድርጎ ወጣ።

እንዲሁ ሊያየኝ መጥቶ አያውቅም ነበር። ያኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ልብ አላልኩትም።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ጋራዡ ዝግ ስለሆነ ሰው አልነበረም። የላይኛውን በሙሉ ገጥሜ ጨረስኩ። ዘይት ሞላሁ። ማስነሻውን ረገጥኩ፤ በአራተኛው ተነሳ።

የእሱ ድምፅ ነው። ሌላ ሞተር እንደዚህ አይልም። ጋዙን ለቀቅኩና ጆሮዬን አስጠጋሁ።

ከታች ኳ ኳ ይላል፤ የቶርኖው ሰውዬ እውነቱን ነበር። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ይዤ የማርሹን ፔዳል በእግሬ ወደ ታች ተጫንኩ። ምንም አልያዘም። ወደ ላይ አነሳሁት። ወለም እንዳለው ቁርጭምጭሚት ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ ምንም አይነካም።

አጠፋሁት። ሲወድቅ ተመትቶ ይሆናል።

ሐምሌ 8

ሲወድቅ የተመታው በግራ በኩል ነው። መቀየሪያው ያለው በቀኝ ነው።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

በጠዋት ጋራዡን ከውስጥ ቆልፌ ከፈትኩት።

ዘይቱን አፈሰስኩ። የቀኙን ሽፋን አወለቅኩ፣ ፍሪሲዮኑን አወጣሁ። ከኋላው የማርሽ መቀየሪያው አለ። ማርሾቹን የሚያዞር አንድ በርሜል አለ፣ በርሜሉ ጫፍ ላይ ኮከብ የሚመስል ብረት ይገጠማል፣ ኮከቡን የሚይዘው አንድ ቡሎን ብቻ ነው። ያ ቡሎን ከላላ እግር ያዘዘውን ማርሽ አይሰማም፤ አንዴ ይገባል፣ አንዴ ያመልጣል። ከወጣ ደግሞ ጭራሽ የለም።

ቡሎኑ በቦታው አልነበረም። ኮከቡ ዘምሞ ተንጠልጥሏል። እጄን ወደ ታች ሰድጄ ዘይት የሚጠራቀምበትን ጎድጓዳ ዳበስኩ። እዚያ ነበር። በጨርቅ ጠረግኩት። ጥርሱ አልተበላም፣ አልተሰበረም። ራሱን ፈትቶ ነው የወጣው። አናቱ ላይ ቀይ ነጥቤ አለ፣ ድምቅ ብሎ፣ አንድም ጭረት ሳይኖረው።

በመለኪያ ቁልፍ የጠበቀ ቡሎን ራሱን አይፈታም። ታዲያ ነጥቡ እንዴት መጣ? እንዴት እንደመጣ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር መሰለኝ።

ወንድሜ የሞተር ቆቡን አድርጎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "ወንድም ዓለም፣ እስክትጨርስ ጢሜ ሊሸብት ነው" ይለኛል። ቡሎኑን በእጄ አስገባሁት። የጥፍር ቀለም ለመድረቅ ጊዜ ይፈጃል፣ ሳይደርቅ ዘይት ከነካው ይለቃል። ስለዚህ ቀለሙ እየደረቀ መለኪያ ቁልፉን ላምጣ ብዬ ነጥቡን አስቀደምኩ። በሃያ ሁለት ዓመቴ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ሲቸኩሉብኝ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ አጠብቃለሁ። ቁልፉን ላመጣ ስሄድ አንድ ደንበኛ ያዘኝ፣ ስለ ጎማ ተከራከርን፣ ተናደድኩ። ስመለስ ዓይኔ ነጥቡ ላይ አረፈ። ቀይ ነው፣ አልቋል። ፍሪሲዮኑን ገጠምኩ፣ ሽፋኑን ዘጋሁ፣ "በል ውሰድ፣ ሂድልኝ" አልኩት። እየሳቀ ሄደ።

ለሰው ሞተር ሁሉ ምስክሬ ያ ምልክት ነበር። በራሴ ምልክት ራሴን አታለልኩ፤ ሹፌሩ እውነቱን ነው። ወንድሜ ዳገቱ ሥር ጋዝ ሰጥቶ ማርሹ አመለጠው፣ ሞተሩ በባዶው ጮኸ፣ ከኋላው ያ ሁሉ አሸዋ ይመጣል።

ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ። ጻፍኩት። እጄ አልደረቀም።

ሐምሌ 11

ማንም አላየም።

ሐምሌ 15

አዲስ ቡሎን ገጠምኩ። በመለኪያ ቁልፍ ሦስት ጊዜ አጠበቅኩት። ቀለም አላደረግኩበትም። የቢኤላውን ኩሽኔታ ቀየርኩ፣ ማርሾቹን አንድ በአንድ አጠብኩ። እንዲህ ጥሩ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም። እንዲህ ጥሩ መሥራት ከቻልኩ ያኔ ምን ነካኝ?

አሮጌው ቡሎን ኪሴ ውስጥ ነው። ቦይ ውስጥ ልጥለው ሁለት ጊዜ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ይዤው ተመለስኩ።

ሐምሌ 19

ሬዲዮ፦ "አለቃ፣ ሞተሩ አለቀ አይደል፣ ምነው ሬሳ እንደሚጠብቅ ሰው አጠገቡ ቁጭ አልክ?" ከዚያ ያለውን ሲያስተውለው አፉን በእጁ ያዘ። "ይቅርታ። የአፍ ወለምታ ነው።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔም ከመርማሪው ፊት የተናገርኩት አንድ ቃል እስካሁን አልታሸም።

ሐምሌ 26

ለራሴ የምለው ይህን ነው። ብናገር ወንድሜ አይነሳም። እናቴ አንድ ልጅ ቀርቷታል፣ እሱንም ታጣለች። ጋራዡ ይዘጋል። ሹፌሩ ሽማግሌ ነው፣ ፍርድ ቤቱ ያዝንለታል፣ ምናልባት ትንሽ ይፈርዱበትና ይወጣል።

ከዚያ ደግሞ ከታሰረ ሦስተኛ ወሩን ሊደፍን ነው እላለሁ። ምግብ የሚያመላልስለት ማነው? አላውቅም። ጠይቄ አላውቅም።

ነሐሴ 1

እናቴ ለፍርድ ቤቱ ቀን ጥቁር ቀሚሷን አጥባ ተኮሰች። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ያ ሰውዬ የዘራውን ያጭዳል፣ አንተ ብቻ ጎላ አድርገህ ተናገር፣ ዳኛው ያረጀ ነው አሉ፣ ጆሮው አይሰማም ይሆናል" አለችኝ።

እሺ እማዬ አልኳት።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

የወንድሜ ሚስት ሞተሩን ልትወስድ መጣች። የእሱን ቆብ ይዛለች። ሰፍቷት ውስጡን በጨርቅ ሞልታዋለች።

አስነሳሁላት። ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። እንባዋ ይወርዳል እንጂ ድምፅ አላወጣችም። ከዚያ ተቀመጠችበትና "የትኛው ነው የመጀመሪያው ማርሽ፣ ጋሼ?" አለች። እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች። ያን ጊዜ አላስቻለኝም። ሞተሩን አጠፋሁና ቡሎኑን ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ነጥቡ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ጎማው ክርክር፣ ስለ ፊርማዬ።

ቀለሙን አወቀችው። የራሷ ነው።

"መቼ ነው ያገኘኸው?"

"ሐምሌ 10።"

ቆጠረች። "ሃያ ሦስት ቀን። በየቀኑ እየመጣሁ ይነሳል ወይ እያልኩ ስጠይቅህ ኪስህ ውስጥ ነበር።"

"አዎ።"

"ዘግተህ ልትሰጠኝ ነበር?"

ከሞተሩ ወረደች። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፣ አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "እኔን አትለምነኝ። እኔ ምንም አልችልም። ማክሰኞ ፍርድ ቤት ነህ፣ ያ ሰው እዚያ አለ" አለችኝ። ቡሎኑን መለሰችልኝ። ቆቡን ይዛ በእግሯ ሄደች።

ነሐሴ 5

ለእናቴ ልነግራት ሞከርኩ። "ነገ ረጅም ቀን ነው፣ ብላና ተኛ" አለችኝ። በላሁ።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ከፍርድ ቤት ከተመለስኩ ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ ነኝ። ቤት መግባት አልቻልኩም።

ሹፌሩን መጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ዛሬ ነው። ግዙፍ ሰው ነበር የጠበቅኩት። ትንሽ፣ ጎንበስ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፣ ኮታቸው ይሰፋቸዋል። እናቴ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ዓይኗን አልነቀለችም። የወንድሜ ሚስት መጨረሻው ወንበር ላይ ነበረች። መምጣቷን አልጠበቅኩም።

ዳኛው ሞተሩ ጤነኛ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። "አልነበረም" አልኩ። "ጎላ አድርግ" አሉኝ። እናቴ እንዳለችኝ ጎላ አድርጌ ተናገርኩ። ቡሎኑን አስረከብኩ። ያኔ የሰጠሁት ቃል ሳልከፍት፣ ሳላይ የሰጠሁት መሆኑን፣ ካየሁ በኋላም አንድ ወር ያህል ዝም ማለቴን ተናገርኩ። ዳኛው ሞተሩ በሌላ ባለሙያ እንዲታይ፣ የእኔም ጉዳይ ለብቻው እንዲመረመር፣ ሹፌሩም እስከዚያ በዋስ እንዲወጡ አዘዙ።

እናቴ ተነሳች። አጠገቤ ስትደርስ ትቆማለች ብዬ ነበር። አልቆመችም። የወንድሜ ሚስት ክንዷን ይዛ ደግፋ አወጣቻት።

ኮሪደሩ ላይ ሹፌሩ ዋሳቸውን እየጠበቁ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። "አባቴ፣ ይቅርታ ልልዎት አልችልም፣ ቃሉ ትንሽ ነው" አልኳቸው።

"ተቀመጥ" አሉኝ። ተቀመጥኩ። እጃቸውን በእጃቸው ይዘው መሬት መሬቱን እያዩ ነገሩኝ።

"ወርጄ ሳቀናው ነፍሱ ገና አልወጣችም ነበር፣ ልጄ። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግኩት። ማርሹ አምልጦኝ ነው፣ እርስዎ ጥፋት የለብዎትም አለኝ። እንደዚያ ሆኖ እኔን ያጽናናኛል! ከዚያ እጄን ያዘኝ። ‘የማርሹን ነገር ለማንም እንዳይናገሩ፣ ወንድሜ ነው የሠራው፣ አደራ’ አለኝ። ሁለቴ አደራ አለኝ። በዚያው አረፈ።"

"ለፖሊስ…" አልኩ።

"ሞተሩ ጉልበት አጥቶ ዘገየ አልኩ። እሱ በዓይኔ ያየሁት ነው። ማርሽ የሚለውን ቃል ግን አላነሳሁም። ልጄ በየሳምንቱ እየመጣች አባዬ የምታውቀው ካለ ተናገር እያለች ታለቅሳለች። እንዴት ልናገር? የሚሞት ሰው አደራ ነው። ዛሬ አንተው ተናገርከው፣ ከአደራዬ ወጣሁ።"

ሦስት ወር ሊሞላ ምን ቀረው? የማላውቃቸው ሰው ለማያውቁት ወንድሜ ብለው ታስረው ሲቀመጡ፣ እኔ ራሴን ለማዳን ዝም ብዬ ነበር። ከቀብሩ ጀምሮ ያላለቀስኩትን እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ትከሻዬን ያዙኝ።

አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ። "አባቴ፣ እንዳይናገሩ ያለው ስለሚወደኝ ነው ወይስ ስለሚፈራኝ?"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። "እሱን እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ" አሉኝ። "እጄን ግን በጣም አጥብቆ ነበር የያዘኝ።"